የወንድሜ ጊታርና ኦኤሲስ

ትናንት ማታ ደሴን ጉም ውጧት ነበር። ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አላስወጣ ሲለኝ የታላቅ ወንድሜን ጊታር አነሳሁና ያችኑ የማውቃትን ጀመርኩ፤ የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የኦኤሲስን "ዎንደርዎል"። እናቴ ከጓዳ "ደሞ እሷኑ?" አለች። ልክ ናት።

ግን እኮ ዘፈኑ ለጀማሪ ምሕረት አለው። ካፖውን (ክሮቹን የሚጫነውን መቆንጠጫ) ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ታስራለህ፣ የቀለበት ጣትህንና ትንሿን ጣትህን ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ፣ ከካፖው ሲቆጠር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ትተክላለህ፣ ከዚያ በአብዛኛው ሌሎቹን ሁለት ጣቶች ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። በሳምንት ትለምደዋለህ። እኔ ወር ፈጅቶብኛል፣ እሱን ተዉት።

የማንቸስተሮቹ ኦኤሲሶች እንዲህ ናቸው። ኖኤል ጋላገር የፍጥነት ጊታሪስት አይደለም። ውስጡ በከፊል ባዶ የሆነ ኤፒፎን ጊታር ይይዝና ድምፁን ደራርቦ እንደ ግድግዳ ያቆመዋል፣ ወንድሙ ሊያም ደግሞ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ያንን ግድግዳ በጉሮሮው ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዝ ውስጥ ኔብዎርዝ ላይ በሁለት ቀን 250,000 ሰው አይቷቸዋል። በ2009 ተጣልተው ተበተኑ። በ2025 ታርቀው ሲመለሱ፣ ሲለያዩ ገና ያልተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ ግጥሙን በቃላቸው ያውቁታል።

የአምባሰልና የባቲ አገር ልጅ ሆኜ በማንቸስተር መያዜ ወንድሜን ያስቀዋል። አንድ ቀን የአምባሰልን ቅኝት በዚሁ ጊታር ሞክሬ ነበር፣ ጎረቤት ሳይቀር ሳቀብኝ።

አሁን ቀጭኗ ክር ተበጥሳለች። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ ይንገረኝ።