ጀሪካን ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ፦ የኦንላይን ኢንተርቪው ዝግጅቴ

መጋቢት 23፣ 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ኢንተርቪው አመለጠኝ። ታክሲ አጥቼ አይደለም፤ ከቤት አልወጣሁም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ላፕቶፔ ፊት ቁጭ ብዬ ነው ያመለጠኝ።

የቀጠረኝ ዋና ቢሮው ለንደን የሆነ ድርጅት ነው። ሥራው ከቤት ሆኖ ሒሳብ መሥራት ነው። ኢሜይሉ «በለንደን ሰዓት ጠዋት 9፡00» ይላል። ለንደን ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነች ብዬ አሰላሁ። በፈረንጅ 12፡00፣ በእኛ 6 ሰዓት። 10 ደቂቃ ቀደም ብዬ ገባሁ። ማንም የለም። ኢሜይሌን ስከፍት «እየጠበቅንሽ ነው» የሚል መልእክት ከመጣ 40 ደቂቃ አልፎታል።

ለካ እንግሊዞች በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፋሉ። ዘንድሮ መጋቢት 21 ዋለ፤ ከትናንት ወዲያ መሆኑ ነው! ከዚያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ልዩነታችን 2 ሰዓት ብቻ ነው። የሚያናድደው ደግሞ ኢሜይሉ ላይ የካላንደር ግብዣ ተያይዞ ነበር። እሱን ብነካው ስልኬ ራሱ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይሮ ያስቀምጥልኝ ነበር። እኔ በጣቴ ቆጠርኩ።

በሁለት መስመር ይቅርታ ጠየቅኩ። ሰበብ አላበዛሁም። ማታ መልስ መጣ፦ ሚያዝያ 1፣ ያው 9፡00። 8 ቀን አለኝ። ሥራ እየፈለጋችሁ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ የሚገጥመኝን እየጻፍኩ ላካፍላችሁ።

መጋቢት 24

ዛሬ የዕቃ ቀን ነበር። ስልኬን ቪዲዮ ላይ አድርጌ ራሴን ቀረጽኩ። ጀርባዬን ለመስኮት ሰጥቼ ስለተቀመጥኩ ፊቴ ጥላ ሆኗል። ዞሬ ፊቴን ለመስኮቱ ሰጠሁ፤ አለቀ። መብራት መግዛት አላስፈለገኝም።

ካሜራው ዓይኔ ትይዩ እንዲሆን ላፕቶፑ ከፍ ማለት አለበት። የእማዬ መሶብ ቁመቱ ልክ ነበር። «እንጀራ የሚቀመጥበት ላይ?» ብላ ስታየኝ ወዲያው አነሳሁት። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን አቆምኩ፣ በላዩ ጣውላ፣ ከዚያ ላፕቶፑ። ባዶ ጀሪካን ይወዛወዛል፤ የሞላው ግን ንቅንቅ አይልም።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ፣ ዙም ለሁለት ሰው የቪዲዮ ጥሪ 600 ኪሎቢት በሰከንድ ይበቃል ይላል። ለኤችዲ፣ ማለትም ጥራቱ ከፍ ላለ ምስል፣ 1.2 ሜጋቢት። ይህ ለማውረድም ለመላክም ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምናየው ማውረዱን ብቻ ነው፤ የእኛን ፊት ወዲያ የሚያደርሰው ግን መላኩ ነው። ኤችዲውን አጠፋሁት። ዋይፋይ ሳጥኑ በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ፓወር ባንክ ደግሞ 5 ቮልት ነው የሚሰጠው። ከ5 ወደ 12 የሚያሳድግ ገመድ እንዳለ ሰማሁ፤ ግን አልገዛሁም። መብራት ከሄደ በስልኬ ዳታ እቀጥላለሁ። ላፕቶፔ 2 ሰዓት ይቆያል።

መጋቢት 27

ወንድሜ ቅዳሜ ስለሆነ ቤት ነው። ስልኩን ይዞ መኝታ ቤት ገባ፤ እኔ ሳሎን። ጠያቂ ሆነ። የዙም ነፃው 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል፤ እንደ ደወል ተጠቀምንበት።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፦

«አንቺ፣ በየመሀሉ ምን ያስደነግጥሻል?»

«ማን? እኔ?»

«ትንፋሽሽን ትስቢያለሽ እኮ!»

ቀረጻውን መልሼ ሰማሁት። እውነቱን ነው። ሲጠይቀኝ እየሰማሁት እንደሆነ ለማሳየት ትንፋሼን ሳብ እያደረግኩ «እ» እላለሁ። ሁላችንም እንላለን። «አዎ» ማለት ነው። በአካል ሲሆን ማንም ልብ አይለውም። ማይክሮፎኑ ግን ጆሮ ሥር አምጥቶ ያስቀምጠዋል። ልማዱን ለማያውቅ ፈረንጅ ደግሞ አንድ ነገር የሆንኩ ነው የሚመስለው። በ27 ዓመቴ፣ እንዲህ እንደማደርግ ገና ዛሬ አወቅኩ።

የባሰው ሌላው ጫፍ ነው። ወንድሜ እንደ ፈረንጅ ዝም ብሎ እንዲሰማኝ ነገርኩት። ዝም ሲል ጠፋሁ! እኛ ስናወራ ሰሚው «እሺ»፣ «እህ»፣ «ከዛስ?» ይላል፤ ካላለ ወሬው የሰለቸው ይመስለናል። ስለዚህ ያለቀውን መልስ እየደጋገምኩ አስረዘምኩት። አንዱ መልሴ 6 ደቂቃ ሄደ። ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ቀየርን። መልሴ ሲያልቅ እጄን ጠረጴዛ ሥር ጨብጬ ዝም እላለሁ። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ግን ይለመዳል።

መጋቢት 29

«ያጋጠመሽን ችግርና የፈታሽበትን መንገድ ንገሪን።» ይህ ጥያቄ የትም አይቀርም። አመላለሱ የታወቀ ነው፦ ሁኔታው፣ ያንቺ ኃላፊነት፣ ያደረግሽው፣ ውጤቱ። ታሪክ አለኝ። የድሮ መሥሪያ ቤቴ የባንክ ሒሳብና መዝገቡ ለወራት አልገጣጠም ብሎ ነበር። ልዩነቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንድ ቼክ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ነበር።

ወንድሜ ወረቀት ላይ ሲቆጥር «አየን»፣ «ፈለግን»፣ «አገኘን» 11 ጊዜ ብያለሁ። «እኔ» አንድ ጊዜ።

«እናንተ እነማን ናችሁ?» አለኝ።

እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን «እኔ አገኘሁት» ማለት አፌ ላይ ይከብዳል። ሰው ያመስግንህ እየተባልን ነው ያደግነው። እማዬን ጠየቅኳት፤ እሷም «እኔ እኔ የምትል ሴት አታምርም» አለች። እሷን አሳምኜ አልጨርስም። ቢሆንም ለራሴ መለያ አበጀሁ። በእጄ የሠራሁትን «እኔ»፣ ስብሰባ ላይ የተወሰነውን «እኛ»። እንዲህ ሲሆን ጉራ ሳይሆን የሒሳብ ሪፖርት መሰለኝ፤ ቀለለኝ።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች፦ የሒሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪ አትበሉ። እኛ ጋ ሁሉም ፒችትሪ ነው የሚለው፤ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ግን ዓመታት አልፈዋል። ደግሞም «በ2010 ተመረቅኩ» ካላችሁ ስምንት ዓመት ተጨማሪ ልምድ ትሰጣላችሁ ለራሳችሁ። በፈረንጅ 2018 ነው።

ሚያዝያ 1

5 ሰዓት ላይ ገባሁ። ገና ሰላም እንዳልን «መብራት ከሄደ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በስልክ መስመር እመለሳለሁ» አልኳቸው። ሁለት ናቸው። አንደኛው ወደ ጎን ነው የሚያየው። ሰለቸሁት ብዬ ሆዴ ተንቦጫቦጨ፤ በኋላ ሳስበው ማስታወሻ እየጻፈ ነበር።

ከታች «ቆራሌው!» የሚለው ሰውዬ መጣ። መስኮት ዘግቼ ነበር፤ ቢሆንም ድምፁ አልፎ ገባ። ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «ያረጀ ዕቃ ገዢ ነው» አልኳት። የቼኩን ታሪክ ስጀምር ደግሞ መብራት እልም አለ። ስልኬን አስነስቼ ስመለስ «የት ጋ ነበርን?» አላልኩም፤ «ቼኩን ሳገኘው» ብዬ ቀጠልኩ። እኔ ሳገኘው። ሁለት ጊዜ ትንፋሼን ስቤያለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ።

ደሞዝ ሲጠይቁኝ ተንተባተብኩ። እሱን አልተዘጋጀሁበትም ነበር። የእኔ ጥፋት።

ሚያዝያ 6

ለሁለተኛ ዙር ጠሩኝ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ በለንደን 8፡30። የካላንደር ግብዣውን ነካሁት። ወንድሜ ለብቻው አሰላ፤ እማዬም በጣቷ ቆጠረች። ሦስታችንም ከጠዋቱ 4፡30 ላይ ደረስን። አሁን ስለ ደሞዝ የምለውን እየጻፍኩ ነው። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ስናገር እማዬ ከጓዳ ሰምታ ሳቀች።