ማጀስቲክ እና የሌሊት ግርማ

ሱሉልታ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሰባተኛ ክፍል ስለ አንበሳ ምንባብ ስናነብ «ማጀስቲክ» የምትል ቃል መጣች። «ግርማ ሞገስ ያለው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ልቀጥል ስል ከኋላ ዴስክ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ግርማ ራሱ ምን ማለት ነው?»

መልስ አጣሁ። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት።

የእንግሊዝኛው አላስቸገረኝም። ሥሩ የላቲን «ማየስታስ» ነው። «የሚበልጥ» ማለት ከሆነው ከ«ማዮር» ጋር ይዛመዳል። የጦሩ ማዕረግ ሜጀርም፣ ከንቲባ ማለት የሆነው ሜየርም ከዚሁ ከ«ማዮር» የመጡ ናቸው። ሮማውያን ማየስታስ ሲሉ በፊት የሕዝባቸውን ክብር ነበር። ያንን የደፈረ በከባድ ወንጀል ይከሰስ ነበር። በኋላ ክብሩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ዞረ። «ማጀስቲ» በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ ገባ፤ «ማጀስቲክ» የሚለው ቅጽል ግን የተለመደው 1600 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። እኛ ደግሞ ለማጀስቲ «ግርማዊ»ን ሰጠነው። ጃንሆይ መስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን እስኪወርዱ ድረስ «ግርማዊነታቸው» ነበሩ።

ትርጉሙ ልክ ነው። ግን የላቲኑ ቃል የተነሣው ከመብለጥ ነው። የእኛውስ?

ያን ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። የግቢውን በር ልዘጋ ወጣሁ። እንጦጦ ለእኛ ለሱሉልታዎች ጀርባውን ነው የሚሰጠን፤ ሌሊት ባሕር ዛፉ ከሰማዩ ጋር አንድ ጥቁር ይሆናል። ከሜዳው ማዶ ጅብ ጮኸ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ። ያኔ የአባቴ ድምፅ መጣልኝ። አባቴ ሌሊት ተነሥቶ ዳዊት ይደግም ነበር፤ መዝሙር 90 ላይ «ኢትፈርህ እምግርማ ሌሊት» የምትለዋን ሲደርስ ድምፁ ከፍ ይላል። ከሌሊት ግርማ አትፈራም ማለት ነው። ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ!

ግርማ እዚያ ጋ ማማር አይደለም። የሚያስፈራ ነገር ነው። በግዕዝ «ግሩም» የሚያስፈራም የሚያስደንቅም ነው። ዛሬ ምሳ ጣፍጦን «ግሩም ነው» ስንል ፍርሃቱ ከቃሉ ወጥቷል። «ገረመኝ» ስንልም እንደዚያው። እንግሊዝኛው «ኦሰም»ም ከፍርሃት ተነሥቶ ዛሬ «አሪፍ» ሆኗል። ይኼ ነገር በጣም ደስ ይለኛል።

በማግስቱ ይኼን ሁሉ ለክፍሉ ነገርኩ። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝ። ቤቷ ከሜዳው ማዶ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ውኃ እንደምትቀዳ አውቃለሁ። ከዚያ በቃሉ ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ አዘዝኩ። አብዛኞቹ ስለ አንበሳ ጻፉ። እሷ «ዘ ናይት ኢዝ ማጀስቲክ» ብላለች።

በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ራይት አደረግኩላት።