ማክሲመምና ሚኒመም ያለ ካልኩለስ

ታናሽ እህቴን ሒሳብ ሳስጠናት "ትልቁ ስፋት ስንት ነው?" የሚሉ ጥያቄዎች ይመጡ ነበር። እኔ እነዚህን የለመድኩት በዴሪቬቲቭ (አንድ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ በሚያሳየው የካልኩለስ መሣሪያ) ነው። እሷ ገና አልደረሰችበትም። ስለዚህ በምታውቀው አልጀብራ ብቻ ሠራናቸው። እውነቱን ለመናገር መልሱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ከዴሪቬቲቩ ይልቅ በዚህኛው ፍንትው ብሎ ይታያል።

አንዱ ጥያቄ ይኸው። 60 ሜትር የአጥር ሽቦ አለ። አንዱ ጎን ግንብ ስለሆነ የሚታጠሩት ሦስት ጎኖች ናቸው። ከሁሉ የሚሰፋው አራት ማዕዘን ግቢ የትኛው ነው?

መጀመሪያ የሚለዋወጠውን ነገር ለይተን ስም ሰጠነው። ከግንቡ የሚነሱት ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸው ሀ ይሁኑ። ለሦስተኛው 60 − 2ሀ ይቀራል። ስፋቱ ሀ(60 − 2ሀ) ነው። ካሬ ስናሟላ፣ ማለትም ሀ ያለበትን ሁሉ ወደ አንድ ካሬ ስንሰበስብ፣ እንዲህ ሆነ፦

450 − 2(ሀ − 15)²

እዚህ ጋ ረጋ ብሎ ማየት ነው። የማንኛውም ቁጥር ካሬ ከዜሮ በታች አይወርድም። ስለዚህ ከ450 ላይ ምንም የማይቀነሰው ሀ 15 ሲሆን ብቻ ነው። ጎኖቹ 15፣ 15 እና 30፤ ስፋቱ 450 ካሬ ሜትር። ብዙ ሰው 20 በ20 ብሎ ይገምታል። እሱ የሚሰጠው 400 ነው።

የዋጋ ጥያቄ ሲሆን አቋራጭ አለ። ጁስ ቤቱ በ30 ብር 100 ብርጭቆ ይሸጣል፤ 1 ብር በጨመረ ቁጥር 2 ብርጭቆ ይቀንስበታል እንበል። የተጨመረውን ብር ሀ ካልነው ሽያጩ (30 + ሀ)(100 − 2ሀ) ነው። ይህ ዜሮ የሚሆነው ሀ −30 ወይም 50 ሲሆን ነው። የዚህ ግራፍ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ትልቁ ሽያጭ የሚገኘው በሁለቱ መሃል ነው፤ እሱም 10። ዋጋው 40 ብር፣ ሽያጩ 3200 ብር።

እኔ በጣም የወደድኩት ግን ሚኒመሙን ነው። አሁን ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው ተብሏል፤ ትንሹ ሽቦ ስንት ነው? ከግንቡ ትይዩ ያለውን ጎን ለ አልነው። ሀለ = 200፣ ሽቦው 2ሀ + ለ። ካሬ እናድርገው፦

(2ሀ + ለ)² = (2ሀ − ለ)² + 8ሀለ

8ሀለ ምንጊዜም 1600 ነው። የቀረው ካሬ ዜሮ የሚሆነው 2ሀ ከለ ጋር ሲተካከል ነው። ሀ 10፣ ለ 20፣ ሽቦው 40 ሜትር።

መልስ ከመጻፋችን በፊት ገደቡን እናያለን። በመጀመሪያው ጥያቄ ግቢው ከግንቡ ከ12 ሜትር በላይ መራቅ ባይችል ኖሮ 15 አይሠራም። ያኔ ለ15 የሚቀርበውን 12ን እንወስዳለን፦ 450 − 2(3)² = 432 ካሬ ሜትር።