የባሕር ድኝ ልኬት፦ ከጠርሙስ እስከ ጋራ መዝገብ

የባሕር ሽታ የምንለው በከፊል ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተባለ የድኝ ጋዝ ነው። ፋይቶፕላንክተን የተባሉት ደቃቅ ተንሳፋፊ ፍጥረታት በሴላቸው የሚያከማቹት ዲኤምኤስፒ የተባለ ውሑድ ሲፈርስ ይወጣል፤ አየር ላይ ሲደርስም ለደመና ጠብታ መነሻ የሚሆኑ ብናኞችን ያስገኛል። በኖርዌይ ባሕር ላይ በምርምር መርከብ ስሠራ ድርሻዬ ይህን ጋዝ ከገጸ ባሕሩ ውሃ መለካት ነበር።

ጋዙ ለማምለጥ ሰበብ አይፈልግም። ስለዚህ ቱቦውን እስከ ጠርሙሱ ታች አስገብቼ ውሃውን ሳይንቦጫረቅ እሞላለሁ፤ ከአፉ ጥቂት ካፈሰስሁ በኋላ አንዲት አረፋ ሳላስቀር እከድናለሁ። ቀጥሎ ማጣራት ነው፤ ትዕግሥት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። በፓምፕ መሳብ ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን ስስ ሴሎችን ይሰብራል፤ ዲኤምኤስፒው ይፈስሳል፣ ኢንዛይም ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፣ ልኬቱም ያለ አግባብ ያብጣል። እኔ ውሃው በራሱ ክብደት እንዲወርድ እተወዋለሁ። ከዚያ ጋዙን በናይትሮጅን አስወጥቼ፣ በብርድ አጥምጄ፣ ጋዞችን ለይቶ በሚለካው መሣሪያ፣ በጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ እለካዋለሁ፤ ይህ ሁሉ በተቀዳ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ውጤቱ ብዙ ጊዜ በሊትር ጥቂት ናኖሞል (የሞል ቢሊዮንኛ) ነው፤ ፋይቶፕላንክተን በተንሰራፋበት ግን በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይጨምራል።

ውጤቱን ለሌሎች ማካፈሉ እንደ መለካቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚህ ጋዝ የዓለም ካርታ የተሠራው በ15 ሺህ ገደማ ልኬቶች ነው፤ የ2011ዱ ወደ 47 ሺህ ደርሷል። መረጃውን ከብዙ አገር ተመራማሪዎች እየተቀበለ ያኖረው በሲያትል የሚገኘው የኖኣ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) የፓስፊክ ባሕር ምርምር ላቦራቶሪ ነው። ቁጥሩ ቢያድግም መርከቦች የሚያዘወትሩት በበጋ፣ ሕይወት በበዛበት ውሃ ነው፤ የደቡቡ ንፍቀ ክበብ የብርድ ወራት ልኬት እጅግ የሳሳ ነው። በዚህ ምክንያት ዝቅተኛ ልኬት አሰልቺ ነው ተብሎ በመሳቢያ ሲቀር ያሳዝነኛል። የዓለም አማካይ ያለ እርሱ ወደ ላይ ያዘነብላል።

በጋራ መዝገቡ እያንዳንዱ መስመር ላይ ቀንና ሰዓት በግሪንዊች አቆጣጠር፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ጥልቀት፣ ሙቀትና ጨዋማነት አስገባለሁ። ከመሣሪያው አቅም በታች የሆነውን ዜሮ ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ወሰኑን ጽፎ ምልክት ማድረግ ይበቃል። የማጣሪያው ዓይነትና የማጣሪያው ዘዴም የየራሳቸው ዓምድ አላቸው። ሌላ መርከብ ላይ የሠራች ባልደረባዬ የእሷን ውጤት ከእኔ ጋር ስታስተያይ በቅርብ ቦታና በአንድ ወቅት የእሷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ የነገረን ይኸው ዓምድ ነው፤ የእሷ ውሃ በፓምፕ የተሳበ ነበር።