የስልኩ ከረጢት

ቢሯችን ቸርችል ጎዳና፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሥራችን የደከመውን የከተማ ሰው ወደ ተራራ መላክ ነው። በዚያ ዓመት ከሁሉም በላይ ይሸጥልን የነበረው ወንጪ አካባቢ ያለ አንድ ስፓ ነው፤ ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት፣ ስቲም፣ ማሳጅ፣ ጠዋት ጠዋት በፈረስ ወደ ሐይቁ መውረድ። ቡና የለም፣ ሥጋ የለም፣ ጮክ ብሎ ማውራት የለም። ስልክም የለም። እንግዳው እንደደረሰ ስልኩን አጥፍቶ ቁጥር በተሰፋባት የሸማ ከረጢት ይከተዋል፣ ከረጢቷ ሪሴፕሽን ካዝና ውስጥ ትቆለፋለች።

ብሮሹሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ለሦስት ቀን ማንም አያገኝዎትም» የምትለዋን መስመር አለቃዬ አንብባ «ይቺ ትሸጣለች» አለችኝ። ሸጠችም። እኔ ራሴ ለግምገማ ሄጄ አንድ ሌሊት አድሬበታለሁ። የተራራው አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ከስቲሙ ወጥቶ ጋቢ ተከናንቦ ጭጋጉ ሐይቁን ሲሸፍነው ማየት ደግሞ ምንም አይወጣለትም። ግን አልዋሽም፣ እጄ በየአምስት ደቂቃው ባዶ ኪሴን ሲዳብስ ነው ያደረው።

አንድ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው መጡ፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል። ሁለት ወጣቶች ከኋላቸው አሉ። ወንበር ሳብኩላቸው፣ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ የወንድሜን ልጅ እናንተ ናችሁ አሉ የወሰዳችኋት። ከጠዋት ጀምሮ ስልኳ ዝግ ነው።»

ስሟን ሲነግሩኝ አወቅኳት። ትናንት የላክናት የባንክ ሠራተኛ ናት። አባቷ እኩለ ቀን ላይ አርፈዋል፣ ቀብሩ ነገ ነው።

የት እንዳለች ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «ፍል ውሃ እዚህ እግራችን ሥር እያለ እስከዚያ ድረስ?» አሉ። እውነትም ፍል ውሃ ከቢሯችን በእግር የሚደረስበት ነው። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ብርድ ያወረዳቸው ይኸው ውሃ ነው፣ በ1879 ዓ.ም. ከተማው የተቆረቆረውም በእሱ ሰበብ። እኛ ግን የምንሸጠው ውሃውን አልነበረም።

«እዚያው ደውዬ ልንገራት?» አልኳቸው።

«በፍጹም! መርዶ በስልክ አይነገርም። ወደ ቤቷ ትምጣ፣ ትንሽ ጋደም ትበል፣ ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግራታል።»

«ምን ብዬ ላምጣት ታዲያ?»

«ታሟል በላት። ትንሽ አሞታል።»

ቃል ገባሁላቸው። ሪሴፕሽን ላይ ያለችውን ልጅ ደውዬ እንዲህ አልኳት፤ «የቤተሰብ ጉዳይ አለ፣ አባቷን ትንሽ አሟቸዋል፣ መኪና ልኬያለሁ፣ ዕቃዋን ታሰናዳ። ከዚህ ሌላ ትንፍሽ እንዳትይ።» ልጅቷ «እሺ» አለች። ሾፌራችን ወዲያው ተነሣ። ሽማግሌውን እስከ ታች ሸኝቼ ስመለስ፣ ለእንዲህ ያለ ነገር የተፈጠርኩ መስሎኝ ነበር።

የሪሴፕሽኗ ልጅ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እንግዳዋ ፕሮግራሟን አቋርጣ ስለምትወጣ ግን የመውጫውን ቅጽ አወጣች። የቅጹ ሁለተኛ መስመር፣ እኔው የጻፍኩት፣ «እንግዳው ሲወጣ ስልኩ በፊርማ ይመለስለታል» ይላል። አስፈረመቻትና ከረጢቷን ሰጠቻት።

ስልኩ ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ የገባው የአንድ የሥራ ባልደረባዋ መልእክት ነው፤ «ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

10 ሰዓት አላለፈም። ሾፌራችን ገና ሰበታ መጨናነቅ ውስጥ ነው።

የቀረውን የሰማሁት ከሱ ነው። 1 ሰዓት ከሩብ ግድም ሲደርስ፣ ድምፅ ከፍ በማይደረግበት በዚያ ግቢ ከበሩ ጀምሮ ለቅሶ ይሰማል። የወጥ ቤቱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበዋታል፤ በአማርኛም በኦሮምኛም እያባበሏት፣ አንዷ ዘመዷ ይመስል ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። ጸጉሯ እንደራሰ ነው፣ ነጩን ሮብ እንኳ አላወለቀችም፣ በላዩ የሰው ጋቢ ደርበውላታል። የተከለከለው ቡና ተፈልቷል። ሌሎቹ እንግዶች ከየክፍላቸው ወጥተው በነጭ ሮባቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚያውቃት አንድም ሰው የለም፣ ወደ ክፍሉ የገባም የለም። «ለቅሶ ቤት ነበር የመሰለኝ» አለኝ ሾፌሩ። እሱም ከመንገድ እንደመጣ ፊቱን ሳይታጠብ ከነሱ ጋር ተቀምጦ አለቀሰ። ቤቷ ያደረሳት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከአለቃዬ ጋር ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ አጎቷ አዩኝና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ንፍሮ ቀርቦልኝ ዘገንኩ እንጂ አልወረደልኝም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልነገርኳትም…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ ልጄ። ስልኩን ነው የሰጠሃት።»

ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሷ ስንወጣ አጠገቤ ደርሳ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ «እነዚያ የወጥ ቤት ሴቶች… ለአንዷ ጋቢዋን መመለስ አለብኝ።» ጋቢውን በሚቀጥለው ሳምንት ሾፌራችን ይዞት ሄደ፣ ታጥቦና ታጥፎ፣ ከሁለት ኪሎ ቡና ጋር።

ቢሮ ተመልሼ የእንግዳ መመዝገቢያውን አወጣሁት። «እርስዎ አደጋ ቢደርስብዎ ለማን እናሳውቅ?» የሚል መስመር አለ፤ ማንኛውም አስጎብኚ ድርጅት አለው። እርስዎ ደህና ሆነው ቤትዎ አንድ ነገር ቢሆን በማን በኩል ይድረስዎ የሚል ግን የለም። ጨመርኩት። ከረጢቱም የሚከፈተው ቢሮ ደውሎ ከተጠየቀ በኋላ እንዲሆን አደረግን። አለቃዬ «ሰው ለመዝናናት መጥቶ ሞት ታስታውሰዋለህ?» ብላ ሁለት ቀን ተከራከረችኝ፤ ነጋዴ ናት፣ አልፈርድባትም። «ማንም አያገኝዎትም» የምትለዋንም መስመር ከብሮሹሩ አላወጣችልኝም።

ብዙው ሰው አዲሱን ጥያቄ እህቴ፣ ባለቤቴ ብሎ፣ ስልክ ቁጥር ጽፎ ያልፈዋል። ባለፈው አንዲት እናት ግን መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። እስኪርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ በመስኮቱ ወደ ቸርችል ቁልቁል ትንሽ አዩና መልሰው አነሡት። የጻፉት ይህን ነው፤ «አትንገሩኝ። ዝም ብላችሁ ቤቴ አድርሱኝ።»