ኮስቲክ ሶዳ ያበላሸብኝ ዱቄት

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ከተሳቢ ኋላ ሆኖ የወጣ ሰው የመመረቂያ ርዕሴን ለምን እንደመረጥኩት አይጠይቀኝም። ዓይን የሚያቃጥለው ጥቁር ጭስ ግን ጥቀርሻ ነው። የኔ ርዕስ የማይታየውን ጎጂ ጋዝ የሚያጠፋ ካታሊስት መሥራት ነበር፤ ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ ሌሎች ነገሮች ቶሎ እንዲዋሃዱ የሚያደርግ ነው። ሞተር በጣም ሲግል የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይገጥሙና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይሆናሉ።

እሱን የማጥፊያው መላ የታወቀ ነው። ጭሱ ውስጥ አሞኒያ ይገባል፤ መኪና ላይ ከዩሪያ ነው የሚገኘው። አሞኒያውና ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ካታሊስት ላይ ሲገናኙ ናይትሮጅንና ውሃ ሆነው ይወጣሉ። ካታሊስቱ ብዙ ጊዜ ቲታኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ላዩ ላይ ተንግስተንና ትንሽ ቫናዲየም ይደረግበታል። ደህና የሚሠራው ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እኔም ኮምቦልቻ ላይ እሱን ከዱቄቱ ጀምሬ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ።

ቲታኒየም ሰልፌት ውሃ ውስጥ ይሟሟል። አሞኒያ ጠብ ጠብ ሲደረግበት እንደ ቀጭን እርጎ ያለ ነጭ ነገር ይወርዳል። ላቦራቶሪው ውስጥ አሞኒያ አልቆ ነበር። ኮስቲክ ሶዳ ግን ሞልቷል፤ እሱም እንደ አሞኒያ ቤዝ፣ ማለት የአሲድ ተቃራኒ ነው፣ ውስጡ ግን ሶዲየም አለው። «ቤዝ ያው ቤዝ ነው» አልኩና ኮስቲኩን ጨመርኩ። ፒኤቹ (የአሲድና የቤዝ መለኪያው) ልክ መጣ፣ ነጩም ወረደ። ጎበዝ ነኝ አልኩ።

ሰባት ጊዜ አጠብኩት። የእጣቢውን ውሃ በባሪየም ክሎራይድ እየፈተንኩ ነበር፤ ሰልፌት ካለ ይደፈርሳል። ሰባተኛው ላይ ጠራ። የጠራው ሰልፌቱ ስላለቀ ነው እንጂ ሶዲየሙ ስላለቀ አይደለም። ይህችን ያኔ አላሰብኳትም።

ተንግስተኑን አስገብቼ ምድጃ ውስጥ በ500 ዲግሪ ተኮስኩት። ቫናዲየሙን አቆየሁት፤ የራሱ ቀለም ፈተናውን ይሸፍንብኛል። ፈተናው ቀላል ነው፦ የደረቀ ዱቄት ቶሉይን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይደረግና ሜቲል ሬድ የሚባል አሲድ መለያ ቀለም ጠብ ይደረግበታል። የዱቄቱ ገጽ አሲድ ከሆነ ይቀላል። የኔው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሌላ ጠብታ። አሁንም ቢጫ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አሞኒያ ቤዝ ስለሆነ የሚያርፍበት አሲድ ወንበር ይፈልጋል። ወንበሩን ካገኘ ጎኑ ያለው የቫናዲየም ኦክስጅን ሃይድሮጅን ይወስድለታል። ያኔ በጭሱ የመጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ አግኝቶት ይጣመራል፤ ጨርሰው ሲሄዱም ወንበሩ ለሌላው ይለቀቃል። ሶዲየምም የሚቀመጠው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ልዩነቱ፣ አይነሳም። ድግስ ቤት ቀድሞ ገብቶ እስከ ማታ የማይንቀሳቀስ እንግዳ በሉት።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የላቦራቶሪው ባለሙያ ዱቄቱን አይተው «በምን አወረድከው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «በኮስቲክማ ሳሙና ነው የሚሠራ!» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ንጹሕ ሽቦ ነበልባል ላይ ያዙ፤ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ዱቄቴን በአሲድ አርሰው በዚያው ሽቦ ሲይዙት ነበልባሉ ቦግ ያለ ቢጫ ሆነ፤ ሶዲየም አለ ማለት ነው። አልጠፋም።

ፖታሲየም ደግሞ ከሶዲየምም ይብሳል። እንጨት በሚነድባቸው ቦይለሮች ካታሊስት ቶሎ የሚደክመው አንዱ በሱ ምክንያት ነው። ፖታሲየም እናቴ ድስት በምታጥብበት አመድ ውስጥ አለ፤ ቅባቱን የሚያነሳላት ቤዝነቱ ካታሊስቱን ይገድለዋል።

የተበላሸውን በአሞኒየም ክሎራይድ ውሃ ላድነው ሞከርኩ። ትንሽ ቀላ፣ ግን ሙሉ አልሆነም። ከተተኮሰ በኋላ ማጠብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አሞኒያው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩና እንደገና ጀመርኩ። አሞኒያም ቤዝ ነው፤ ነገር ግን ምድጃ ውስጥ ተኖ ይሄዳል። ኮስቲክ የትም አይሄድም። መምረጥ የነበረብኝ በፒኤች ሳይሆን በዚህ ነበር። ሁለተኛው ዱቄት ሜቲል ሬዱ ሲነካው እንደ በርበሬ ቀላ።

ይህ የሥራው ግማሽ ነው። ጋዝ አሳልፌ ምን ያህል እንደሚቀንስ አልለካሁም፤ መሣሪያው የለንም። መመረቂያው ላይም እንደዚያው ጻፍኩት።

ቫናዲየሙን ያስገባሁበትን ቀን ግን አልረሳውም። ነጣ ያለው አሞኒየም ቫናዴት ትኩስ ኦክዛሊክ አሲድ ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ብርቱካንማ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆነ። ምድጃው ሲከፈት ዱቄቱ ፈዛዛ ቢጫ ነበር። ብልቃጡ ላይ «በአሞኒያ የወረደ» ብዬ ጻፍኩበትና ከመጀመሪያው ጎን አስቀመጥኩት።