«በስንት ባይት?»

አዲሱ የመረጃ ማከማቻ መደርደሪያው ላይ ሲወጣ ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ያለን ሁለት ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚያስተዳድር ክፍል) የያዘ ማከማቻ፣ ሁለት ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ መሣሪያ) እና ሁለት የሊኑክስ ሰርቨር ነው። ሰርቨሮቹ የማከማቻውን ዲስክ በአይስካዚ (በኔትወርክ በኩል ያለ ዲስክን እንደ ራስ ዲስክ የሚያሳይ ስልት) እንዲያገኙት የሆስት ፖርቶቹን፣ ማለትም ሰርቨሮቹ የሚገናኙባቸውን የማከማቻውን መሰኪያዎች ማስተካከል የእኔ ድርሻ ሆነ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የበላውም አንድ ቁጥር ነው።

ምንም ነገር ሳልነካ በፊት ሁሉንም ወረቀት ላይ ሣልኩት። የሁለቱም ኮንትሮለሮች አንደኛ ፖርት ወደ መጀመሪያው ስዊች፣ ሁለተኛ ፖርታቸው ወደ ሁለተኛው ስዊች ይሄዳል። ለመጀመሪያው ስዊች በ10.10.1 የሚጀምር የአድራሻ ክልል፣ ለሁለተኛው በ10.10.2 የሚጀምር ሰጠሁ። ሁሉንም በአንድ ክልል ማጨቅ ይቀል ነበር። ነገር ግን አንድ ሰርቨር በአንድ ክልል ውስጥ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ሲኖረው፣ የተለየ ማስተካከያ ካልተደረገለት የሚልከውን ሁሉ በአንዱ ካርድ ብቻ ሊያወጣ ይችላል። ያኔ በስም ሁለት መንገድ አለ፤ በተግባር ግን አንድ ነው። የጌትዌይ (ወደ ሌላ ክልል የሚያወጣው ራውተር አድራሻ) ቦታውን በዜሮ ተውኩት፤ ሰርቨሩና ማከማቻው በአንድ ክልል ውስጥ እስከተገናኙ ድረስ ራውተር አያስፈልጋቸውም። የማስተዳደሪያ ፖርቱን ከሁለቱም ክልሎች አስወጣሁት።

ከዚያ ኤምቲዩ የሚባለው፣ ማለትም አንድ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የመረጃ ጥቅል) ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ መጠን መጣ። የተለመደው 1500 ባይት ነው። ትልልቅ መረጃ ለሚያመላልስ ማከማቻ 9000 ቢሆን የፓኬቶቹ ቁጥር ስለሚቀንስ ለሰርቨሩም ለኮንትሮለሩም ድካሙ ይቀላል። በማከማቻው፣ በሰርቨሮቹና በስዊቾቹ ላይ ከፍ አደረግሁት። ስዊቾቹ ላይ ያስገባሁት 9216 ነው፤ ፓኬቱ ተጠቅልሎ የሚሄድበት ፍሬም ከ9000ው በላይ የራሱን ራስጌ (ከመረጃው ፊት የሚቀመጥ የአድራሻ መረጃ) ስለሚሸከም ስዊቹ ትርፍ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ፒንግ አደረግሁ፣ ማለትም የሙከራ ፓኬት ልኬ መልስ ጠበቅሁ፤ አራቱም ፖርቶች መለሱ። በ3260 ቁጥር ፖርት (ይህ መሰኪያ ሳይሆን የአገልግሎት ቁጥር ነው) በኩል የአይስካዚ ግንኙነቱ ተከፈተ፤ ዲስኩም ታየ። ትንንሽ ፋይሎች ጻፍኩበት፤ ሠራ። ትልቁን ፋይል መቅዳት ስጀምር ግን ጥቂት ሄዶ ቀጥ አለ። የሰርቨሩ መዝገብ ግንኙነት ተቋረጠ፣ ግንኙነት ተመለሰ፣ ተቋረጠ፣ ተመለሰ እያለ ይደጋግማል። ገመድ ቀየርኩ። የፋይበር መሰኪያዎቹን ነቅዬ አቀያየርኩ። ማከማቻውን ራሱን ተጠራጠርኩ። ከሰርቨሩ ወደ ዲስኩ የሚወስዱትን አራት መንገዶች የሚቆጣጠረው የመልቲፓዝ ሶፍትዌር ደግሞ አራቱም ጤነኞች ናቸው ይላል፤ እኔም አመንኩት።

በማግስቱ በሙያው ከእኔ በፊት ለገባ ባልደረባዬ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት።

«ፒንግ አድርገሃል?»

«አዎ፣ ሁሉም መልሰዋል።»

«በስንት ባይት?»

ዝም አልኩ። የሊኑክስ ፒንግ ካልነገሩት በቀር የሚልከው 56 ባይት ብቻ ነው። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ያለፈበት በር ፍራሽ ለተሸከመ ላይበቃ ይችላል፤ እኔ የፈተንኩት ባዶ እጁን በሚሄደው ነበር። ፓኬቱ በመንገድ ላይ እንዳይከፋፈል ከልክዬ በ8972 ባይት ላክሁ፤ ከ9000 ላይ የአይፒው ራስጌ 20፣ የፒንጉ 8 ሲቀነስ የሚቀረው ይህ ነው። በመጀመሪያው ስዊች በኩል ወዲያው መለሰ። በሁለተኛው በኩል ምንም የለም።

ሁለተኛው ስዊች ወደ 1500 ተመልሶ ነበር። ቁጥሩን ቀይሬ ቅንብሩን ሳላስቀምጥ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ወደ ሌላ ሶኬት ባዛወርን ጊዜ ጠፍቶ ተነሣ። ስዊች ከአቅሙ በላይ የሆነ ፍሬም ሲደርሰው አይከፋፍለውም፣ ለላኪውም አይነግረውም፤ ይጥለዋል። ሁለቱ ጫፎች ግንኙነት ሲጀምሩ ስለ መጠን ይስማማሉ፤ በመሐል ያለው ስዊች ግን አይጠየቅም። ስለዚህ ሰርቨሩ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደግሞ ደጋግሞ ይልካል፣ ስዊቹም ደጋግሞ ይጥላል። የመልቲፓዙም ምስክርነት የተሳሳተው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የመንገዱን ጤንነት የሚጠይቀው በጣም ትንሽ በሆነ ትእዛዝ ስለሆነ መልስ ያገኛል፣ ከዚያም ከሥራው ግማሹን ወደታመመው መንገድ መላኩን ይቀጥላል። የስዊቹን ፖርት ቆጣሪ ቀድሜ ብከፍተው ኖሮ ከመጠን በላይ የሆኑ ፍሬሞች ቁጥር ሲያሻቅብ አየው ነበር። አሁን ችግር ሲገጥመኝ ገመድ ከመንቀሌ በፊት የማየው እርሱን ነው።

በሁለተኛው ሰርቨር ላይ የመልቲፓዝ ሶፍትዌሩን ሳልጭን ግንኙነቱን ከፍቼ አራት ዲስክ ታየኝ። አራት አልነበረም፤ አንዱ ዲስክ በአራት መንገድ ሲታይ ነው። አንዱን እዚህ ሌላውን እዚያ ብሎ ለተለያየ ሥራ የሚያከፋፍል ሰው ያንኑ መረጃ በራሱ ላይ ይጽፍበታል። ሶፍትዌሩ አስቀድሞ ይጫን።

በሦስተኛው ቀን ትልቁ ፋይል እየተቀዳ ሳለ ከኮንትሮለር ኤ አንዱን ገመድ ነቀልኩ። ቅጂው ቆመ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ቀጠለ። ሰርቨሩ የተቋረጠው ግንኙነት እስኪመለስ እንዲጠብቅ የተቀመጠለት ጊዜ 120 ሰከንድ ነበር። አንድ መንገድ ብቻ ላለው ሰው ይህ ትዕግሥት ጥሩ ነው፤ ሌላ ሦስት መንገድ እያለ ግን ዳታቤዝ ያን ያህል አይታገሥም። ወደ 15 ዝቅ አድርጌ ገመዱን መልሼ ሰካሁት፤ አራቱም መንገዶች እስኪመለሱ ጠብቄ እንደገና ነቀልኩት። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ቅጂው ቀጠለ። ከዚያ የኮንትሮለር ቢን ገመድ ነቅዬ፣ ከዚያም ሁለተኛውን ስዊች ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ አየሁ። ስዊቹ ሲነሣ መጀመሪያ ያረጋገጥኩት 9216 የሚለው ቁጥር በቦታው መኖሩን ነው። ነበር።